ማመልከቻው እስኪላክ ድረስ

መርዶ በወጉ ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ በሩን ቀስ ብለው አንኳኩተው፣ አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ። አስረሳሽ የባሏን ሞት የሰማችው ግን ረፋዱ ላይ፣ ጁባ ካቶር ሰፈር ባለው ሆቴላቸው በር ላይ ቆማ፣ የውሃ ቦቴ ሞተሩ እያጓራ ሮቶውን ሲሞላ ነው። የደወለው የባሏ ታናሽ ወንድም ዮፍታሄ ነበር፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሲያስታምመው የከረመው እሱ ነው። መጀመሪያ በለሆሳስ ነገራት። አልሰማችውም።

«ጮክ በል ዮፍታሄ፣ ውሃ እያስሞላሁ ነው!»

ትንሽ ጮክ አለ። አሁንም አልተሰማም። በሦስተኛው ምስኪን ዮፍታሄ፣ ሰው በሞላበት የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ «እታለም፣ ገብሬ ሞተ!» ብሎ እንደ ታክሲ ረዳት ተጣራ።

ሮቶው ሞልቶ ውሃው በጎን መፍሰስ ጀመረ። የቦቴው ሹፌር «ከላስ?» አላት፤ በቃ ወይ ማለቱ ነው።

«ከላስ» አለችው።

ሞተሩ ሲጠፋ ዮፍታሄ ገና እያለቀሰ ነበር። «ለፀሎት እንዳትነግሪያት» አላት። «ከእኔ አይደለም፣ የራሱ ቃል ነው። ትናንት እጄን ይዞ፣ ‹ምናልባት ብሞት፣ ማመልከቻው እስኪላክ ልጄ እንዳትሰማ› አለኝ። ቀኑንም ነግሮኛል። ታኅሣሥ ሃያ ሦስት።»

ዕለቱ ታኅሣሥ አሥራ ሦስት ነበር። ሌላው ሰው ሲያጣጥር የንስሐ አባቱን ያስጠራል፣ የበደለውን ይቅርታ ይጠይቃል። ገብረመድኅን የማመልከቻ ማብቂያ ቀን አስታውሶ ሞተ።

ለሚያውቀው ሰው ይሄ አያስገርምም። ገብረመድኅን የደብረ ሲና ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኖ በጥቂት ነጥብ ወድቋል፤ ያንን ፈተና እስከ ዕለተ ሞቱ «ያኔ ስትራቴጂ ስላልነበረኝ ነው» እያለ ያነሳው ነበር። አለማጥናቱን በምክንያትነት ጠቅሶ አያውቅም። ጁባ የገባው የሱዳን ጦርነት አብቅቶ ሰላም በወረደ ሰሞን ነው። ከላስቲክ ጣሪያ ሥር ሻይና ሽሮ ሸጠ፤ ላስቲኩን በቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውን በብሎኬት ቀየረ፤ አስረሳሽን አስመጥቶ ወጥ ቤቱን ሰጣትና ስድስት ክፍል ያለው ቤት አቆመ። በሩ ላይ «ሆቴል» የሚል ተጽፏል። ገብቶ ያየ እንግዳ ደክሞት ስለሚመጣ አይከራከርም።

አንድ ልጃቸው ፀሎት፣ እንደ ሌላው የጁባ ሐበሻ ልጅ ሁሉ፣ አዲስ አበባ አያቷ ዘንድ ትማር ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ አንድ ለእርዳታ ድርጅት የሚሠራ አሜሪካዊ እንግዳ ቁርሱን እየበላ ለገብረመድኅን አንድ ወሬ ነገረው። አሜሪካ ውስጥ ከመቶ አመልካች አራቱን ብቻ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የተቀበለውን ግን ሙሉ ወጪውን ችሎ ያስተምራል፤ ደግሞም ማንም ከማያመለክትበት አገር የመጣ ተማሪ ይናፍቀዋል። እንግዳው እንቁላል ፍርፍሩን ጨርሶ ወደ ሥራው ሄደ። ያቺን ጠዋት ዳግም አስታውሷት እንደሆነ አይታወቅም። ገብረመድኅን ግን ከዚያች ጠዋት በኋላ ሌላ ሰው ሆነ።

«ከአዲስ አበባ የሚያመለክተው ስንት ሺህ ነው?» ብሎ ጎረቤቱን ተሻለችን ጠየቃት። ተሻለች ከሆቴሉ አጠገብ የሳሙናና የልብስ ሱቅ ያላት ጴንጤ ናት፤ ለጸሎት ከምትዘጋው ጊዜ በቀር አፏ አይዘጋም።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ከጁባስ?»

«ከጁባማ ሰው የሚያመለክተው ለቪዛ ነው።»

«ይኸው! ሜዳው ባዶ ነው ማለት ነው።»

በዚህ ስሌት፣ አቅም ያለው ሁሉ ልጁን ከጁባ ወደ ካምፓላና ወደ ናይሮቢ በሚያሸሽበት ዘመን፣ ገብረመድኅን ልጁን ወደ ጁባ አስገባ። ኤርፖርት ላይ የተቀበሏት የሐበሻ ጎረቤቶች እንደ ታመመ ሰው ነው ያዩት።

«ወንድም ገብረመድኅን» አለችው ተሻለች፣ «ሰው ልጁን ከእሳት ያወጣል። አንተ ጭሱ ያምርባታል ብለህ ትከታታለህ?»

«አንቺ ስትራቴጂ አይገባሽም» አላት።

ስትራቴጂው እንዲገባው ለራሱም አማካሪ ያዘ። ኮር ዊሊያም ሰፈር ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ቢሮ ያለው ረፊቅ የሚባል የጅማ ሰው ነው። ረፊቅ አሜሪካ ሄዶ አያውቅም፤ የአጎቱ ልጅ ግን ሄዷል፤ ይህም በጁባ ደረጃ ዲግሪ ነው። እነዚያ ሰዎች ውጤት ብቻ አይፈልጉም አለ ረፊቅ። ስፖርት ይፈልጋሉ፣ በጎ ሥራ ይፈልጋሉ፣ ድርሰት ይፈልጋሉ።

ስፖርቱ ቅርጫት ኳስ ሆነ። ፀሎት ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት ነው። ከዲንካና ከኑዌር ልጆች መሀል ቆማ ፎቶ ስትነሳ፣ ፎቶው በሁለት ፍሬም የተገጣጠመ ይመስል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጥብ መዘገበች፣ ለጓደኞቿ ፎጣ አቀበለች፤ እነሱም ወደዷት፤ ከጨዋታ በኋላ ተሸክመው ያዞሯት ነበር። በማመልከቻው ላይ ይሄ «የቡድኑ አመራር አባል» ተብሎ ተጻፈ።

በጎ ሥራው ደግሞ ጀበል ኩጁር ከሚባለው ተራራ ሥር የሚኖሩ ሕፃናትን ቅዳሜ ቅዳሜ ማስነበብ ነበር። ገብረመድኅን ሦስት ቅዳሜ አብሯት ሄዶ ከመቶ በላይ ፎቶ አነሳ። በአራተኛው ቅዳሜ «በቃ፣ ይበቃል፤ ፎቶው ሞልቷል» አላት። ፀሎት ግን ሄደች። በአምስተኛውም ሄደች። ልጅቷ ስትራቴጂውን እንደ እውነት ይዛዋለች ብሎ ለአስረሳሽ በምሬት ነገራት።

ማህተምን በተመለከተ ከረፊቅ ጋር ተጣልተዋል። ረፊቅ መምህራኑ የድጋፍ ደብዳቤውን በኢንተርኔት ይልካሉ፣ ማህተም አያስፈልግም ቢለው፣ ገብረመድኅን ማህተም የሌለው ደብዳቤ አሜሪካም ቢሆን ማን ያምናል ብሎ አሻፈረኝ አለ። ከቤተ ክርስቲያን አጻፈና አስመታ። ከቅርጫት ኳሱ አሠልጣኝ አጻፈ፤ አሠልጣኙ ማህተም ስላልነበረው በሆቴሉ ማህተም መታለት። በመጨረሻም እሱ ራሱ «ከላይ ስሟ የተጠቀሰው ልጄ ጎበዝ መሆኗን አረጋግጣለሁ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ሁለት ቦታ አተመበት።

የቸገረው ድርሰቱ ነበር። ረፊቅ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቶ፣ እንደ ሐኪም፣ «ችግር አላችሁ?» አለ።

«ምን ዓይነት ችግር?»

«እንግዲህ ስደት፣ ጦርነት፣ ረሃብ፣ የቤተሰብ ሞት። የሚነካ ነገር።»

ገብረመድኅን አስቦ አስቦ፣ «በሐምሌው ውጊያ ሆቴሉ ተዘርፏል» አለ ተስፋ አድርጎ።

«ልጅቷ ነበረች?»

«አዲስ አበባ ነበረች።»

«የለችበትማ አይሆንም።»

«ምነው ያኔ ባመጣኋት!» አለ ገብረመድኅን ከልቡ። ከቢሮው ሲወጣም አንገቱን ደፍቶ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ልጁን ሳትራብ፣ ሳትታረዝ፣ ሳትገረፍ አሳድጓት፣ ይኸው አሁን መንገዷ ላይ እንቅፋት ሆነባት።

ኩላሊቱ የታመመው በዚህ መሀል ነው። በኅዳር ለሕክምና አዲስ አበባ ሲሄድ ለገና እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ፀሎት የጻፈችውን እያነበበች በስልክ ትልክለታለች፤ እሱም ከአልጋው ላይ በድምፅ ይመልሳል፤ ሁልጊዜ በድምፅ፣ ሁልጊዜ ረጅም፣ ሁልጊዜ በነቀፋ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ቅዝቅዝ ያለ ነው አለ። ሁለተኛውን እንደ ስብከት ነው አለ። ሦስተኛው ላይ ሥዕሉ አልታየኝም ብሎ አራት ደቂቃ ተኩል ተናገረ፤ መሀል ላይ ነርሷ በቃዎት ስትለው ይሰማል።

አስረሳሽ መርዶዋን በሰማች ዕለት ከሰዓት በኋላ በነበረው በረራ አዲስ አበባ ሄደች። ለፀሎት «አባትሽን አይቼ ልምጣ» አለቻት። አልዋሸችም። በማግሥቱ ቀበረችው። በሦስተኛው ቀን ሠልስቱን አወጣች። በአራተኛው ቀን ጥቁር ለብሳ አውሮፕላን ገባች፤ ጁባ ሊደርሱ ሲሉም ሽንት ቤት ገብታ ልብሷን ቀየረችና ስትሄድ የለበሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ወረደች። ቦርሳዋ ውስጥ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ የባሏ መነጽርና የባሏ ስልክ ነበሩ።

«እንዴት ነው?» አለች ፀሎት፣ ገና ከበር።

«ጉሮሮው ላይ ቱቦ አድርገውለታል። መናገር አይችልም። ትንሽ ትንሽ ይጽፋል።»

«መናገር አይችልም? አባዬ?» ፀሎት ሳቀች። «ነርሶቹ ደስ ብሏቸዋል በያ።»

አስረሳሽም ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት፣ እኛ ሐበሾች መርዶ ስንደብቅ ምን ያህል የተካንን እንደሆንን የሚያሳይ ነው። የካቶር ሐበሻ በሙሉ ያውቃል። የለቅሶው ድንኳን በተሻለች ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ ከሳሙና ካርቶን ኋላ ተቀምጧል። የዕድሩ ሰዎች የሚያለቅሱበትን ቀን ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ ከበውታል። ሆቴሉ ውስጥ የጾም በያይነቱ የሚበሉ ሾፌሮች ፀሎት ስታልፍ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ አንዱ ያለ ምክንያት ተነስቶ ወንበር ለቀቀላት። የበሩ ዘበኛ እንኳ፣ አማርኛ የማይችለው፣ አስረሳሽን ባየ ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ማሌሽ፣ ማማ» ይላታል።

«ለምንድነው ሁልጊዜ ይቅርታ የሚልሽ?» አለች ፀሎት።

«እግሬን ረግጦኝ ነው።»

«በየቀኑ ነው የሚረግጥሽ?»

ከተማው የፈረንጆቹን ገና በከበሮና በመዝሙር ያከብራል። ፀሎት የሰው ሁሉ ደግነት ከዚያ የመጣ መስሏት፣ «እማዬ፣ ዘንድሮ ሰው ምን ነክቶት ነው እንዲህ ጥሩ የሆነው?» ትላለች። አስረሳሽ ምጣድ ልታይ ነው፣ ጋዝ ልትዘጋ ነው፣ እያለች ከፊቷ ትሸሻለች። ስታለቅስ ክፍል ቁጥር አራት ገብታ፣ ፎጣ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ቁጥር አምስት ትዛወራለች።

በዚህ መሀል ረፊቅ መጣ። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሷል። ጥግ ላይ አስቀመጠችውና ሻይ አቀረበችለት።

«ወይዘሮ አስረሳሽ፣ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ጋሽ ገብረመድኅን ለእኔ ወንድሜ ነበሩ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ግን አንድ ነገር እንደ ባለሙያ ካልነገርኩዎት ኃላፊነቴን አልተወጣሁም። ለልጅቷ ቢነገራት ጥሩ ነው።»

አስረሳሽ ቀና ብላ አየችው። እስከዛሬ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። «እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው» አለችው። «ልጅ የአባቷን ሞት ከአገሩ ሰው ሁሉ ኋላ መስማቷ ግፍ ነው።»

«እሱስ አለ። ግን ድርሰቱም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚነካ ነገር ስንፈልግ ነበር፤ አሁን እንግዲህ...» ብሎ አረፍተ ነገሩን በእጁ ጨረሰው።

«አሁን እንግዲህ ምን? ተገኘ?»

«በሙያው ቋንቋ ሲታይ...»

«ረፊቅ፣ ባሌ የሞተው የድርሰትህ ስድስት መቶ ሃምሳ ቃል እንዲሞላ አይደለም።»

ረፊቅ ብድግ አለ። ሻዩን ግን ጨርሶ ነው ብድግ ያለው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አስረሳሽ ልጇን ለማሳወቅ የነበራት ጥቂት ድፍረት ጠፋ። ብትነግራት ረፊቅን የታዘዘች መሰላት፤ ባትነግራት ደግሞ የሞተውን። ከሁለቱ የሞተውን መረጠች፤ ቢያንስ እሱ ኮት ለብሶ አይመጣም።

ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ደረሰ። በአሜሪካ ሰዓት እኩለ ሌሊት ድረስ ጊዜ ነበራት፤ ያ በጁባ በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀር ነው። ሁሉም ነገር ተሞልቷል፣ ድርሰቱም አልቋል። ፀሎት ግን አልልክም አለች።

«አባዬ ሳይሰማው አይላክም» አለች። «ላንብብለትና ልላክለት። መናገር ባይችል ይጽፍልኛል።»

ከሃያ ደቂቃ በኋላ በአስረሳሽ ሽርጥ ኪስ ውስጥ የተቀመጠው የባሏ ስልክ ነዘረ። የአስቤዛ ክፍል ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጠች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ደገነች። ፀሎት ድርሰቷን ወደ አማርኛ እየመለሰች አንብባዋለች።

«እኔ የአባቴ ስትራቴጂ ነኝ» ይላል መነሻው። ሰው ከሚሸሸው ከተማ እንዴት እንዳመጣት፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ የቅርጫት ኳስ አመራር እንዴት እንደሆነች፣ በሆቴል ማህተም እንዴት ጎበዝ እንደተባለች፣ አንዱንም ሳትደብቅ ጽፋዋለች። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥቂት ነጥብ ወድቋል። ወደ እናንተ የሚልከኝ ያቺን የጎደለችውን ነጥብ እንዳመጣለት ነው። ባትቀበሉኝ የማዝነው ለእሱ ነው። ለእኔ ቅዳሜ ጀበል ኩጁር የሚጠብቁኝ ልጆች አሉ። አባቴ አሁን ሆስፒታል ተኝቷል። ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ፦ ‹በሽታዬን በደንብ ከፍ አድርጊው› ይለኛል።»

አስረሳሽ ሁለት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ መነጽሩን ከቦርሳዋ አውጥታ አደረገች፤ ለእሷ ዓይን አይሆንም፣ ፊደሉ ሁሉ ደበዘዘባት፤ አወለቀችው። በአውራ ጣቷ እየፈለገች፣ አንድ በአንድ፣ «ጥሩ ነው። ላኪው።» ብላ ጻፈች። ላከችና ስልኩን ዱቄቱ ውስጥ ቀበረችው።

ከአስቤዛ ክፍሉ ስትወጣ ፀሎት ግቢው መሀል ቆማለች።

«እማዬ፣ አባዬ ጥሩ ነው አለ።»

«እሰይ። በይ ላኪው።»

«ጥሩ ነው አለ እኮ ነው የምልሽ።»

«እና ጥሩ ነው ካለ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አባዬ በሕይወቱ ጥሩ ነው ብሎ ያውቃል?»

አስረሳሽ እጇን በሽርጧ መጥረግ ጀመረች። ፀሎት የእናቷን እጅ አየች፤ የጤፍ ዱቄት እስከ ክርኗ ድረስ ነጭ አድርጎታል። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። ዘበኛው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ተሻለች ከሱቋ በር ብቅ ብላ ቀርታለች። ሁለት ሾፌሮች መብላታቸውን አቁመዋል።

«መቼ ነው?» አለች ፀሎት።

«አሥር ቀኑ።»

«አሥር ቀን?» አለች። «ማነው ‹አይነገራት› ያለው?»

«እሱ ራሱ።»

ፀሎት እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ድምፅ ሳቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ሳቅ አለመሆኑን ሰው ሁሉ ሰማ።

ድንኳኑ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተተከለ። አሥር ቀን ሲለማመዱት ለከረሙ ሰዎች ከባድ ሥራ አይደለም። ከሳሙናው ጋር ስለከረመ ለቅሶው ሁሉ ሳሙና ሳሙና ሸተተ። አስረሳሽ ጥቁሯን ለበሰችና፣ ጁባ ከተመለሰች ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፎጣ ሳትጎርስ ጮሃ አለቀሰች። ማንም ማመልከቻውን አላነሳም። ገብረመድኅን ቢኖር ኖሮ እሱ ብቻ ነበር የሚያነሳው።

በማግሥቱ ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሎት በነጠላ ተከናንባ፣ ላፕቶፗን ይዛ ከክፍሏ ወጣችና ከእናቷ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። ረፊቅም ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ነበር፤ ላፕቶፑን ሲያይ ከወንዶቹ መሀል ተነስቶ አጎነበሰባት።

«ፀሎት፣ እግዜር ያጽናሽ። አንድ መስመር ብቻ፣ መጨረሻው ላይ። ሃያ ቃል አይሞላም።»

«አይነካም» አለች።

«እሺ፣ እሱ ይቅር። ግን የቤተሰብ ገጹን ክፈቺው። ይሄ እንኳ የስትራቴጂ ጉዳይ አይደለም፣ የሕግ ነው።»

ከፈተችው። የእናት ስም፣ ሥራ፣ የትምህርት ደረጃ። የአባት ስም፣ ሥራ፣ የትምህርት ደረጃ። ከሥሩ ሁለት ክብ አለ፤ «በሕይወት አለ» እና «በሕይወት የለም»። የመጀመሪያው ክብ ጠቁሯል።

«ይሄን ገጽ በኅዳር ያስሞላኝ አባዬ ነው» አለች ፀሎት። «ሊሄድ ሲል፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ። ‹ትምህርት ደረጃ› የሚለው ጋ ግማሽ ሰዓት ተከራክሮኛል።»

«ይገባኛል፤ ግን ስህተት ሆኖ ከተላከ...»

«ረፊቅ፣ ተዋት» አለች አስረሳሽ። «አንተስ አሥር ቀን ሙሉ እያወቅህ ዝም አላልክም? እሷ አንድ ጠዋት ዝም ብትል ምን ይልሃል?»

ረፊቅ ሰዓቱን አየ። ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቀረም። ኔትወርኩ አንዴ ሄደ፣ ተመለሰ። ፀሎት ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ እናቷን አየቻት። አስረሳሽ አላየቻትም፤ ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለውን የባሏን ፎቶ እያየች ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ፀሎት ተጫነችው።

ከዚያ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። ዩኒቨርሲቲው ይሁን ኮምፒውተሩ፣ ደስታውን ለመግለጽ፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ብጥስጣሽ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አዘነበ። «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚልም ጽሑፍ ወጣ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ይሄን አይተው፣ ልጅቷ ያለፈች መስሏቸው፣ እልልታውን ጀመሩት። ግማሽ ላይ ተሻለች አፋቸውን ያዘቻቸው።

«ገና እኮ ነው እማማ፣ መላኳ ነው!»

«ታዲያ ለመላክማ ይሄ ሁሉ ወረቀት ምንድን ነው?» አሉ አሮጊቷ።

ፀሎት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አስረሳሽ ልጅቷ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት ስላልቻለች፣ ሁለቱንም ታቅፋ ያዘቻት።

መልሱ የሚመጣው በመጋቢት ነው። ከመቶው አራቱ እነማን እንደሆኑ ያኔ ይታወቃል። ረፊቅ ግን ድንኳኑ ከተነሳበት ማግሥት ጀምሮ መልእክት ሲልክ ቆይቷል፤ የአባትሽን ሞት ገልጸሽ ገጹ እንዲታረም ለዩኒቨርሲቲው አንድ ኢሜይል መጻፍ አለብሽ፣ ሁለት መስመር ይበቃል፣ ይላል። ፀሎት አዎ፣ እጽፋለሁ ትለዋለች። ቅዳሜ ጀበል ኩጁር ሄዳ ተመልሳለች፤ ቀጥሎ ያለውን ቅዳሜም እንዲሁ። አስረሳሽም አንድ ሁለቴ ጠይቃታለች፤ ከዚያ መጠየቁን ተወች።

ኢሜይሉ እስካሁን አልተጻፈም።